ግራው የጠፋበት ዘፈን

ሥራነሽ ሁለት የስልክ ሚሞሪ አላት፤ አንዱ የጾም፣ አንዱ የፍስክ። በጾሙ ላይ የበገና መዝሙርና የአንድ አባት ስብከት እንጂ ሌላ የለም። በፍስኩ ላይ ግን የሌለ የለም፤ የድሮ ዘፈን፣ የሠርግ ዘፈን፣ የማሲንቆ ጨዋታ፣ ቃሉን የማታውቀው የህንድ ፊልም ዜማ፣ መሀል መሀል ላይ ደግሞ ሙዚቃውን የጫነላት የመነሃሪያው ባለሱቅ በጎርናና ድምፁ ስልክ ቁጥሩን የሚያስተዋውቅበት። ሁዳዴ ሲገባ የፍስኩን አውጥታ ጉትቻዋን ከምታኖርበት ትንሽ ሣጥን ውስጥ ትከተዋለች። ለፋሲካ ታወጣዋለች። «እኔ የምገድፈው በዶሮ ሳይሆን በዘፈን ነው» ትላለች። ጓደኞቿ ይስቃሉ፤ እሷ ግን የምሯን ነው።

ሥራዋ አዋላጅ ነርስነት ነው። የምትኖረው ደብረ ማርቆስ ከአባቷ ጋር፣ የምትሠራው ወደ ይጁቤ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ። ማለዳ ማለዳ መነሃሪያ ወርዳ የሾፌር አበባውን ሚኒባስ ትሳፈራለች። በበሩ በኩል፣ ከረዳቱ ኋላ ያለችውን የመስኮት ጥግ ማንም አይቀማትም። ነጠላዋን ትከናነብና የማዳመጫውን ገመድ በሥሩ አሳልፋ ሁለቱን ጆሮዎቿን ትደፍናለች፤ ከዚያ ስልኩ ላይ እንደ ሹሩባ የተጠላለፉትን ሁለት ቀስቶች ትነካለች።

ዘፈን መርጣ አታውቅም። ቀስቶቹ ከተነኩ ስልኩ ተራ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሠርጉን ከእንጉርጉሮው፣ የድሮውን ከዘንድሮው እየቀላቀለ እንደመጣለት ያወጣል። መጀመሪያ የመጣው የቀኑ ዕጣዋ ነው። የሠርግ ዘፈን ከሆነ «ዛሬ ሴት ልጅ ነው የማዋልደው» ትላለች። ማሲንቆ ከሆነ ሆድ የሚያባባ ነገር ሳይጠብቃት እንደማይቀር ታስብና መሀረቧን ትደባብሳለች። የባለሱቁ ማስታወቂያ ከመጣ ግን ዕጣው ተበላሽቷል፤ እንደገና ይወጣል።

መኪናው የከተማውን ባሕር ዛፍ አልፎ ሜዳው ሲከፈት፣ ያ ሁሉ አገር ከዘፈኑ ጋር የተቀጠረ ይመስላል። ከበሬ ኋላ የሚሄደው ገበሬ እርምጃው ከከበሮው ጋር ይገጥማል። ወደ ገበያ የሚጓዙት ሴቶች ነጠላቸው ወደኋላ ሲነፍስ ከእስክስታ የተመለሱ ይመስላሉ። ጉሙ እንኳ ከተራራው የሚወርደው ዘፋኟ ስለጠራችው ነው፦

ደመናው ወረደ ከጮቄ ትከሻ፣
ሳይሞላ ተሻገር ጨሞጋን ለማምሻ።

ይህን ስትሰማ ሥራነሽ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ታሳርፋለች። የሚሻገርላት ሰው የለም፤ የነበረው ከተሻገረ ቆይቷል፣ ያውም ወደዚያኛው ማዶ። ግን በዘፈን ውስጥ ሁልጊዜ የሚመጣ ሰው አለ። ከማርቆስ እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ያለው መንገድ የእሷ ብቻ ነው። ከበሩ ወዲያ የሌሎች ሴቶች ቀን ይጀምራል፤ የሌሎች ሴቶች ምጥ፣ የሌሎች ሴቶች ልጅ።

የዘንድሮው ፋሲካ አልፎ ወደ ሥራ በተመለሰች ዕለት የፍስኩን ሚሞሪ አስገባችና ቀስቶቹን ነካች። የመጣው ከድሮ ጀምሮ የምታውቀው ዘፈን ነው፤ ሴቲቱ ትዘፍናለች፣ ማሲንቆው ይመልስላታል። ያን ቀን ሴቲቱ ዘፈነች፤ የመለሰላት የለም። ጠየቀች፣ ጥቂት ዝም አለች፣ ብቻዋን ደግሞ ጠየቀች። ሥራነሽ ስልኩን አገላብጣ አየችው። ቀጣዩ መጣ፤ ከበሮው አለ፣ ጭብጨባው የለም። ሌላው መጣ፤ አውጪው ሰውዬ አለ፣ ተቀባዮቹ የሉም። ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ «እሰይ በሉኝ» የሚል ሰው ይመስላል።

ማታ ስትመለስ ባለሱቁ ዘንድ ሄደች።

«ማዳመጫው አንድ ጎኑ ሞተ» አለችው።

«ከየት ገዝተሽው ነው?»

«ከአንተ ነዋ!»

«እንግዲያው አይሞትም። ኦሪጅናል ነው።» አዲስ አውጥቶ ዘረጋላት። «ይኸው፣ ይሄ ደግሞ የኦሪጅናሉ ኦሪጅናል።»

በማግስቱ ጠዋት የኦሪጅናሉን ኦሪጅናል ሰካች። ያው ነው። ቀኝ ጆሮዋ ውስጥ ሴቲቱ ትለምናለች፤ ግራዋ ውስጥ ዝምታ። መኪናው ቁልቁለቱን ሲጀምር ሥራነሽ አንድ ነገር አሰበች፤ የግራውን አውጥታ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወረችው። ወዲያው ሴቲቱ ጠፋች። በቀኝ ጆሮዋ ማሲንቆው፣ ያ የናፈቃት ማሲንቆ፣ ለማይሰማ ሰው ሲመልስ፣ እሺ እሺ እያለ ሲያለቅስ ሰማችው።

ማሲንቆው ለካ ሁልጊዜም ነበረ። የጠፋው ሌላ ነገር ነው።

ሁለቱንም ከጆሮዋ ነቀለችና ጭኗ ላይ ይዛቸው ቀረች። ወዲያው ትዝ ያሏት አባቷ ናቸው።

አባቷ መሪጌታ ድረስ ጆሯቸው አይሰማም። እንዲህ ሆነው አልተወለዱም፤ በደብራቸው ማኅሌት ድምፃቸው ከመጋረጃው አልፎ ገበያ ድረስ ይሰማል የተባለላቸው ነበሩ። በማኅሌት መዘምራኑ ቀኝና ግራ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ቀኞቹ ይላሉ፣ ግራዎቹ ይቀበላሉ። ሥራነሽ ገና ተማሪ ሳለች፣ በአንድ የጥምቀት ሰሞን፣ መሪጌታ ድረስ መሀል ላይ ቆመው መቋሚያቸውን መሬት መቱና ወደ ግራዎቹ ዞረው «ምነው እናንተ? ጾም ፈታችሁ መጣችሁና ድምፅ አጣችሁ?» ብለው ተቆጡ። ግራዎቹ ተያዩ። ሲዘምሩ ነበር እኮ! አፋቸው ሲንቀሳቀስ መሪጌታ ያያሉ፣ ድምፅ ግን የለም። ያን ቀን ነው ያወቁት። ዓመት ሳይሞላ ቀኞቹም ዝም አሉ። ሐኪሞች ምንም ሊያደርጉላቸው አልቻሉም። ዛሬ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ለካህናት መቋሚያ ይጠርባሉ፤ የከንፈር እንቅስቃሴ አይተው ያወራሉ፤ የራሳቸውን ድምፅ ስለማይሰሙት ሲያወሩ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል።

መጀመሪያ ግራ። ከዚያ ቀኝ። ሥራነሽ ተራውን ታውቀዋለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «ነገ ዛሬ ሳትዪ ሂጂ ታዪ» ትል ነበር። ለራሷ ግን ቀናቱን በሰበብ አሳለፈች። ዛሬ ተረኛ ነኝ፣ ነገ የክትባት ዘመቻ ነው፣ ከነገ ወዲያ የአማች ለቅሶ። እውነቱ ሌላ ነው፤ «እንደ አባትሽ ነው» የሚለውን ቃል ከሰው አፍ መስማት አልፈለገችም። ጆሮዋ ደግሞ እንጀራዋ ነው። አዋላጅ የእናቲቱን ሆድ የምታዳምጠው በአንዲት ቀንድ መሳይ መሣሪያ ነው፤ ሰፊው አፏ በሆድ ላይ፣ ጠባቡ በጆሮ ላይ። ከዚያች ቀንድ ወዲያ ያለውን የሕፃን ልብ ያልሰማች አዋላጅ ምን ልትሆን ነው? ካርድ ክፍል ይቀይሯታል። ወይ መድኃኒት ቤት። ከዚያ ቀኙ ሲዘጋ ከአባቷ ጋር በረንዳው ላይ፣ ሁለት ሰዎች፣ እየጮኹ፣ ሳይሰማሙ።

ስለዚህ በቀኝ ጆሮዋ ማዳመጥ ጀመረች። ቀንዷን ከለመደችበት አዙራ ትይዛለች፤ አንገቷ ይንጋደዳል፤ ይሁን። በሚኒባሱም ማዳመጫውን አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

አጠገቧ የሚቀመጠው መምህር እንዳላማው ነገሩ ከነከነው። እሱ ይጁቤ ላይ ሒሳብ ያስተምራል፤ ዘወትር ከጎኗ፣ በግራዋ ነው የሚቀመጠው። በፊት ማዳመጫ ሰክታ ስታንቀላፋ አያናግራትም ነበር። አሁን ጆሮዋ ክፍት መሆኑን ሲያይ ማውራት ጀመረ፤ እሷ ግን ወደ መስኮቱ ዞራለች። አንድ ቀን እንደዚህ ብቻውን ሲያወራ ቆየና ትከሻዋን ነካ አደረጋት።

«ሲስተር፣ አጥፍቼ ከሆነ ንገሪኝ።»

«ምነው?»

«ሳምንቱን ሙሉ ለልጄ የክርስትና ድግስ እየጠራሁሽ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ እሺም እምቢም አላልሽ። ባለቤቴ ‹ሲስተር ትመጣለች ወይ?› ስትለኝ ምን እንደምላት ጠፋኝ።»

አበባው ከመሪው ላይ ሆኖ በመስታወቱ አያቸው። «መምህር፣ ድግሱ በመንግሥት በጀት ካልሆነ አትመጣም በላት!»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሥራነሽም ሳቀች፤ «እመጣለሁ፣ እንዴት እቀራለሁ» አለች። ፊቷን መልሳ ወደ መስኮቱ ስታዞር ግን መስታወቱ ላይ ያየችው ፊት የሚስቅ ሰው ፊት አልነበረም።

አንድ የገበያ ቀን፣ ጤና ጣቢያው ግቢ አህያና ሰው ተቀላቅሎበት በሞላበት፣ ያለምወርቅ የምትባል ነፍሰ ጡር መጣች። በቅርብ ቀን የምትወልድ ናት። ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ ገበያውን ትታ ነው የመጣችው።

«ከትናንት ወዲህ አልረገጠኝም» አለች። «ሲስተር፣ ያኛውም እንደዚህ ነበር ያደረገኝ።»

ያኛው ማለቷ የበኩር ልጇ ነው፤ ሳይወለድ የቀረው። ሥራነሽ ያን ጊዜም አብራት ነበረች፤ ስለዚህ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። አልጋው ላይ አስተኛቻት፤ በእጇ የሕፃኑን ጀርባ ፈልጋ አገኘች፤ ቀንዷን አስደገፈች፤ ጎንበስ አለች። ቸኩላ ነበረችና እጇ በለመደበት ሄደ፤ ግራ ጆሮዋን ነው የሰጠችው።

ምንም የለም።

ቀንዷን ትንሽ ወደ ታች አወረደችው። ምንም። ወደ ጎን። ምንም። ውጭ የሚጮኸው አህያ እንኳ ከሩቅ አገር የሚጮኽ ይመስላል። ሥራነሽ ዓይኗን ጨፈነች። የእናቲቱን ትንፋሽ በጉንጯ ታውቀዋለች፤ ሆዷ ይወጣል ይገባል። ከሥሩ ግን ዝምታ ነው፤ ወፍራም፣ እንደ ጉም ያለ ዝምታ።

«ሞተብኝ?» አለች ያለምወርቅ። «አትዋሺኝ። ፊትሽን አይቼዋለሁ። ሲስተር፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ አትዋሺኝ!»

ያኔ ነው የነቃችው። ራሷን ቀና አደረገች፣ አልጋውን ዞረች፣ ከወዲያኛው በኩል ጎንበስ ብላ ቀኝ ጆሮዋን አስደገፈች።

ነበር። አቤት ሲመታ! እንደ ሠርገኛ በቅሎ ነበር የሚሰግረው፤ ቀጥ ያለ፣ ፈጣን፣ ማንንም የማይጠብቅ።

«አለ!» ብላ ጮኸች። «አለ ያለምወርቅ፣ አለ! ደህና ነው!» ከዚያ ሁለቱም እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሕፃኑም በጩኸቱ ነው መሰል አንድ ጊዜ ተራገጠና የእናቱን ሆድ አስነሳው።

ያለምወርቅ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ስታበቃ ዓይኗን አፈጠጠች። «ታዲያ ምን ነካሽ? ፊትሽ አመድ መስሎ እኮ ነው ነፍሴን ያወጣሽው!»

«ጆሮዬ ነው» አለች ሥራነሽ። ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። «ግራው አይሰማም።»

ያለምወርቅ በሳቅ ፈነዳች፤ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «የእኔ ልጅ ደህና ይሁን እንጂ የአንቺን ጆሮ እግዜር ያውቃል! ወይ ጉድ!» ቆየችና ግን ክንዷን ያዘቻት። «ታዪው እንጂ፣ እህቴ። ሌላዋ እንደኔ ሳቂ አይደለችም።»

ሌላዋ አዋላጅ ሂዊ በሚቀጥለው ክፍል ሆና ለቅሶውንም ሳቁንም ሰምታ ነበር። ሥራ ከጀመረች ገና ነው፤ ሥራነሽ ናት ያለማመደቻት። ያለምወርቅን ለሌላ ምርመራ ይዛት ገብታ ስትጨርስ ተመልሳ በሩን ዘጋችና ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከፋሲካ።»

«ከፋሲካ! እሺ፣ ለእናቶቹ ‹አንድ ቀን እንኳ አታሳድሩ› የሚለው ማነው? ድምፁ ከማን አፍ ነው የሚወጣው?»

«ሂዊ፣ አባቴን ታውቂያለሽ እኮ።»

ሂዊ ወገቧን ለቀቀች። መሪጌታን ታውቃቸዋለች፤ እቤታቸው ስትሄድ «ምሳ በላሽ ወይ?» ሲሏት መንገደኛው ሁሉ «አዎ» ብሎ ያልፋል። አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ያዘቻት።

«ነገ ጠዋት እኔ አለሁ። አንቺ ከማርቆስ አትውጪ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ አንቺ ያዳመጥሻትን እናት ሁሉ እኔ እደግማታለሁ። ቅር ካለሽም ይበልሽ።»

ሥራነሽ ቅር አላላትም። እንዲያውም ከዚያ ወንበር ስትነሳ ጀርባዋ ላይ የነበረ አንድ ኩንታል የወረደላት መሰላት። ጆሮዋ አልዳነም፤ ብቻዋን መሸከሟ ግን አብቅቷል።

በማግስቱ ማርቆስ ላይ አንድ ትንሽ የጆሮ ክሊኒክ ገባች። ባለሙያው ገዳሙ ይባላል፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚረሳ፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። የአባቷን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ነገረችው። ሰማት። ከዚያ መብራቱን አብርቶ ግራ ጆሮዋ ውስጥ አየ። እንደገና አየ። ሥራነሽ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች።

«ሲስተር፣ አዋላጅ ነኝ ነው ያልሺኝ?» አለ በቀኟ በኩል ዞሮ።

«አዎ።»

«ካዋለዳችሁ በኋላ የተጠቀማችሁበትን የደም መጥረጊያ ጋዝ ትቆጥራላችሁ፣ አይደል?»

«እንዴታ! አንድ ከጎደለ ማን ከክፍሉ ይወጣል?»

«ይሄንን ታዲያ ማን ቆጠረው?»

የሞቀ ውኃ በሲሪንጅ አስገባ፤ ጠበቀ፤ ደገመ። ከዚያ በቀጭን መቆንጠጫ ከጆሮዋ ጥልቀት አንድ ነገር እየሳበ አወጣና ነጭ ወረቀት ላይ አሳረፈው። ቡናማ፣ የተጠቀለለ፣ የጣት ጫፍ የሚያህል ነገር። ሥራነሽ ጎንበስ ብላ አየችው። ጥጥ ነው።

«ቅቤ ተቀብተሽ ነበር?» አለ ገዳሙ።

የፋሲካ ዕለት። በእርግጥ ተቀብታ ነበር። ሁዳዴውን ሙሉ ፀጉሯ ቅቤ ሳይነካው ደርቆ ከርሞ፣ ከጎረቤት ያለችው፣ ታየች የምትባለው አክስቷ ለጋ ቅቤ ይዛ መጥታ ፀሐይ ላይ አስቀምጣት አናቷ ላይ ከመረችላት። ቅቤው ቀልጦ ጆሮዋ እንዳይገባ ደግሞ፣ እንደ ወጉ፣ በሁለቱም ጆሮዎቿ ጥጥ ወተፈችላት። ታየች ነገር ስታደርግ አታላላም፤ የወተፈችው ጋን የምትደፍን ይመስል ነበር። ማታ ሥራነሽ ጥጡን ስታወጣ የቀኙ ሙሉውን ወጣ፤ የግራው ግን ሳታውቀው ተበጥሶ ግማሹ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። ቅቤው፣ የጆሮዋ ኩክና ጥጡ አንድ ላይ ጠንክረው እንደ ቡሽ ደፈኑት። በዚያ ላይ ማዳመጫውን ስትሰካ ይባስ ወደ ውስጥ ገፋችው።

«እና እንደ አባቴ አይደለም?»

«የአባትሽ ሌላ ነው።» ሁለቱንም ጆሮዎቿን በመሣሪያ ፈተሸላት፤ ድምፅ በሰማች ቁጥር እጇን እያነሳች። «በዓመት አንዴ ብቅ እያልሽ እንየው። ዛሬ ግን ቀኙም ግራውም ደህና ነው። የሚያሳስብ ነገር አላየሁም።»

ሥራነሽ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ልትል አፏን ከፈተችና የራሷን ድምፅ ያን ጊዜ ገና ልብ አለችው፤ ከሁለት ወገን፣ ሙሉ። የገዳሙ ጫማ ሲሚንቶው ላይ ይጮኻል። ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ፤ ስትገባ አልሰማችውም ነበር። ውጭ አንድ ሊስትሮ ብሩሹን ሣጥኑ ላይ ያንኳኳል፤ ከግራ፣ ከግራ በኩል። ያቺን ጥጥ በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

ሂዊ አትምጪ ብትላትም አስችሏት እቤት ልትገባ አልቻለችም። የረፋዱን መኪና ያዘች። ማዳመጫውን ከቦርሳዋ ፈልጋ አወጣች፤ ሁለቱንም ሰካች፤ ቀስቶቹን ነካች። የመጣው ባለሱቁ ነው። በጎርናና ድምፁ፣ በሁለቱም ጆሮዋ፣ ስልክ ቁጥሩን እየደጋገመ። እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ የማታውቀው ዘፈን መጣ፤ አዲስ ነው፣ ሳትሰማው ሚሞሪው ውስጥ ተኝቶ የኖረ። ሴት ናት የምትዘፍነው፤ ማሲንቆው በግራ በኩል ተቀምጦ ቃል በቃል ይከተላታል። ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር። የታረሰው መሬት ጠቁሯል፤ ውኃው በመስኮቱ ላይ ይወርዳል። ሥራነሽ ያለቀሰችው ያኔ ነው፤ ክሊኒኩ ውስጥ ያላለቀሰችውን ሁሉ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ ስትደርስ መሪጌታ ድረስ በረንዳው ላይ መቋሚያ ይጠርቡ ነበር። እግራቸው በፍቅፋቂ ተከብቧል። ከፊት ለፊታቸው ተቀመጠች፤ ከንፈሯን እንዲያዩት። ወረቀቱን ፈትታ ጥጡን መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው።

አፍንጫቸውን አስጠጉ። «ቅቤ ቅቤ ይላል።»

«ከጆሮዬ የወጣ ነው አባባ» አለች በዝግታ። «ግራው አልሰማ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ወጣ። ደህና ነኝ። ሁለቱም ይሰማል።»

መሪጌታ ጥጡን ትተው ፊቷን አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩ።

«አውቄ ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው መንደሩን ሞላው። «ስጠራሽ አንገትሽን እያዞርሽ ቀኙን ስትሰጪ አየሁ። እኔም እንዲያ ነው የጀመረኝ። ልጠይቅሽ እልና ከአፍሽ ማየቱን ፈራሁ።» የያዙትን መቋሚያ ከፍ አደረጉ። «ይሄን ለማን የምጠርበው መስሎሻል? ለዲማ ጊዮርጊስ ተስዬ ነው። እኔ ነኝ ያወረስኳት፣ ከእኔ ጠብ ያለ ነው፣ የእሷን መልስላት ብዬ።» ሥራነሽ እጃቸውን ይዛ ሳመች፤ እሳቸውም በመዳፋቸው ጀርባ ጢማቸውን ጠረጉ።

«ከእርስዎ አይደለም አባባ። ከአክስቴ ነው።»

«ከማን?»

«ከታየች! ጥጡን የወተፈችው እሷ ናት!»

መሪጌታ ይህን ሲረዱ ወደ አጥሩ ዞሩ። «ታየች! አንቺ ታየች! ልጄን ልታደነቁሪብኝ ነበር!»

ታየች ከአጥሩ ማዶ መለሰች። «ምን ይላል ይሄ ሰውዬ? ቅቤዬን ከፍዬ፣ ጉልበቴን ከፍዬ! ጥጥ ማውጣት ያቃታት እሷ፣ ጥፋቱ የእኔ!»

«ምን አለች?» አሉ መሪጌታ።

«ይቅርታ አለች» አለች ሥራነሽ።

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ረክተዋል። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ። «እስቲ ንገሪኝ። ከወጣልሽ በኋላ ምን ምን ሰማሽ?»

ነገረቻቸው። የገዳሙን ጫማ፣ ሰዓቱን፣ የሊስትሮውን ብሩሽ፣ ካፊያውን በመኪናው ጣሪያ ላይ። እሳቸው ከንፈሯን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ ሲያመልጣቸው «ድገሚው» እያሉ ሁሉንም ተቀበሉ። ዘፈን መስማቷን ስትነግራቸው ቅንድባቸውን አነሱ፤ የቤተ ክህነት ሰው ናቸው፤ ግን ግጥም ነውና አላስቻላቸውም።

«ምን ይላል?»

ሥራነሽ ቀስ አድርጋ፣ ቃሉን እየለየች አለችላቸው፦

ከተራራው ማዶ ቤትህን ስትሠራ፣
በሩን ወዴት አዞርክ ለመጣ እንግዳ።

መሪጌታ ድረስ ፊታቸው ተኮሳተረ። «ይሄ ቤት ይመታል? ራ እና ዳ ምን አገናኛቸው? ጎረቤት እንኳ አይደሉም።»

«ዜማው ያምራል አባባ።»

«ዜማው ቢያምር! ቤት የሠራ ሰው እኮ ነው፤ ግጥሟ ቤት አጥቶ ይውላል?» ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ መታ መታ አደረገ። ዓይናቸውን ሲከፍቱ ፊታቸው በርቶ ነበር።

ከተራራው ማዶ ቤትህን ስትሠራ፣
በሩን ወዴት አዞርክ በየትኛው ጎራ።

«እንዲህ ነው!» አሉ። ደግመው አሉት፤ ሦስተኛ ሲሉት በመቋሚያው መሬቱን እየመቱ ዜማ ሰጡት፤ ማኅሌት ላይ እንደሚሰጡት ያለ ዜማ፣ ከበረንዳው ወጥቶ፣ ከአጥሩ አልፎ፣ መንገድ የሚወጣ።

«ኧረ የሰው ያለህ!» አለች ታየች ከማዶ። «መሪጌታ ዘፈን ጀመረ ሊሉን ነው! ዝም አሰኚው አንቺ ልጅ!»

ሥራነሽ ሰማች፤ ለአባቷ ግን አልነገረቻቸውም።